ቀሪው አርባ ሜትር

ሥራዬ ሳይረን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አይሮፕላን ሲቃረብ፣
ቁልፉን እጫናለሁ፤ ሰው ሁሉ ይነሣል ኳሱን፣ ሰሌኑን ሲሰበስብ።
ሌላ ሜዳ የለንም። አገራችን ቀጭን፤
ካንዱ ዳር ቆመህ ጠጠር ብትወረውር
ጠብ የምትለው ከሌላው ባሕር።
እና የፉናፉቲ ማኮብኮቢያ ነው መናፈሻችን፣
ሙቀት ሲበረታ መኝታ ቤታችን።

ሲሊንጋም ነፍስ ካወቀ እዚያ ነው እግሩን የፈታ፤
መስመሩን በኖራ እስላለሁ፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ደግሞ እስላለሁ በማግሥቱ ማታ።
ሳይረን ከጮኸ ይወጣል። ማሰብ የለበትም፤
የሚሰማው እግሩ ነው፣ ጆሮው አይደለም።
ሁላችንም እንዲሁ ነን። ድምፁን ንቆ መሐል የቀረ
አንድ ውሻ ነበረ። ነበረ።

ደብዳቤው ሲመጣ፦ ጨዋታው በትልቅ አገር፣ በትልቅ ከተማ፤
አራት ስፖርተኛ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ሰንደቅ ዓላማ።
የሩጫ ሰዓት የነበረኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ
አሠልጣኝ ተባልኩ።
ማኑዊላ በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልታ ክብደት የለመደች፤
ላፓና በፖስታ ቤቱ ጠረጴዛ ፒንግ ፖንግ የተማረች፣
ቴምብር የሚገዛ ሲመጣ መረቧን እያነሣች፤
ታውላው ጦር ወርዋሪው፣ ዓሣን እንጂ ሜትርን አስቦ የማያውቅ፤
ሲሊንጋ፣ ከኛ ሁሉ ጫማው አዲስ፣ ከኛ ሁሉ የሚሳቀቅ።

በመክፈቻው ማታ ስማችን ሲጠራ
ገባን፤ ካሜራው ግን ቀድመውን ከገቡት ጋራ
ገና እየዞረ ነበር፤ ወደኛ ሲመለስ አልቀናል።
ማኑዊላ ‹እንደገና እንዙር፣ ብዙ እንመስላለን› አለች። ሳቅን፤ ደግሞም ፈርተናል።

ማጣሪያው በጠዋት ነው። ስምንተኛ መስመር፣ ከዳር።
ተኩስ። አቤት አነሣሡ! ጥርሴን ነክሼ ሰዓቴን ተጫንኩት፤
ሃያን አለፈ፣ አርባን አለፈ፤ ሦስተኛ ሆኖ በዓይኔ አየሁት።
እምላለሁ፣ ሦስተኛ።
ስልሳ ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ እንጃ የማን በሽተኛ
የጫነ አምቡላንስ ጮኸ።

ሲሊንጋ ወጣ።
ወደ ቀኝ፣ ወደ ሣሩ፤ ሳይደናገጥ፣ እንደለመደው፤
አንገቱን አቀና፤ ሰማዩ ላይ አይሮፕላኑን ፈለገው።

ስታዲየሙ ሳቀ። ሰሌዳው ለሰባቱ ሰዓት ሲያድለው፣
ለሲሊንጋ ሰረዝ ነው የደረሰው።
እኔስ ምን ልበል? ዐሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት
መሮጥን መስሎኝ ነበር፤ ለካ መውጣትን ነው ያስጠናሁት።
ማታ ምግብ ቤት፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ‹ሰውየው ዳነ ይሆን?› አለኝ።
የቱ ሰውዬ? ‹አምቡላንሱ ውስጥ የነበረው።› መልስ ጠፋኝ።

አገር ቤት፣ በመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ ባንድ ስልክ ለሃምሳ አይተውታል፤
ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ ፊሊያታ ግን ተቆጥተዋል፦
‹እነዚያ ሰባቱ፣ ጆሮ የላቸውም? እናት የላቸውም?›

ከውድድሩ በዘጠነኛው ቀን ተመለስን። ሳይረኑን የነካው ልጄ ነው፤
ከላይ ሆነህ ድምፁ አይሰማም፤ የሚታየው
ሰዉ እንደ ውኃ ሲከፈል፣ መሐሉ ባዶ ሲሆን፣
ቦታ ሲለቁልን።
ሲሊንጋ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ዝም።
እኔም አልተናገርኩም።

ሲመሻሽ፣ ስልሳውን በእርምጃ ለክቶ ቆመ።
ጫማውን አወለቀ። ልጆቹ ኳሳቸውን ታቅፈው ጠበቁ፤ አንድ ሕፃን ብቻ አጉረመረመ።
ቀሪውን አርባ ሮጠ።

ኪሴ ውስጥ ያቺ ሰዓት ነበረች፤
ከዚያ ጠዋት ወዲህ አላቆምኳትም፣ ረስቼ ይሁን ፈርቼ አላወቅኩ፤
መስመሩን ሲያልፍ ተጫንኳት፤ በባትሪ ብርሃን አነበብኩ፦
ዘጠኝ ቀን፣ ስምንት ሰዓት፣ ከምናምን ሰከንድ።
ጻፍኩት፤ በበረራው መዝገብ፣ ‹የገባ› በሚለው ዓምድ።